የበግ እንገር፦ ቀለሙ፣ ማእድኑና የተፈረደበት ፍርድ

በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 5 ነው። ሰዉ በፈረንሳይኛው «ካርቲየ ሳንክ» ይለዋል። የምኒልክ አደባባይ እየተባለ ከሚታወቀው የከተማው እምብርት በስተደቡብ፣ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ የሚገኝ፣ የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ መንገዶቹ የጠበቡ፣ ሕዝቡ የበዛ ሰፈር ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ በነዚህ መንገዶች ፍየልና በግ ከሰው ጋር እየተጋፉ ይኖራሉ። ሣር በሌለበት አገር የወጥ ቤት ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ሲብስም ካርቶን ይበላሉ። ማታ ማታ ወደየባለቤታቸው ደጃፍ ይመለሳሉ፤ ሲወልዱም እዚያው ደጃፍ ላይ ይወልዳሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። በጊቱ ከወለደች በኋላ መጀመሪያ ከግቷ የሚወጣው ወፍራም፣ የሚያጣብቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ ነው። በማግሥቱ ይቀጥናል፣ ይነጣልም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ማንም ሰው ወተት ብሎ የሚጠራው ነጭ ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው በአማርኛ እንገር ይባላል፤ በሶማሊኛ ደምበር፣ በዐረብኛ ሊባእ፣ በፈረንሳይኛ ኮሎስትሩም። አራቱም ቋንቋዎች በካርቲየ 5 ይሰማሉ። አራቱም ለዚህ ፈሳሽ ከወተት የተለየ ስም ማበጀታቸው፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ልዩነቱን ማየቱን ያስረዳል። ጥያቄው ልዩነቱን ከማየት በኋላ የመጣው ነው፦ ይህ ቢጫ ነገር ይጠባ ወይስ ይደፋ? ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ብዙ የተማሩ ሰዎች «ይደፋ» ሲሉ ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን በጎቹ ወደዚያ ሰፈር እንዴት እንደ ደረሱ ጥቂት እንበል። ጅቡቲ በከተማነቷ ወጣት ናት። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ፣ በ1888 ገደማ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ አዲስ ወደብ ቆረቆሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ለሐዲዱና ለወደቡ ሥራ የመጣው ሕዝብ፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው፣ በቁጥር በተሰየሙት ሰፈሮች ሰፈረ። የከብት አርቢ ልጅ ከተማ ሲገባ ሁለት ሦስት ራስ ከብት አስከትሎ መግባቱ ደግሞ የትም ያለ ነገር ነው።

በሰፈሩ የሚታየው በግ ባብዛኛው ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ዳሌው ላይ ስብ የሚያከማች የሶማሌ በግ ነው። ይህ በግ ከአገሩ ርቆ የሄደ በግ ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ የደረሱ ጥቂት ጥቁር ራስ በጎች እዚያ ተራቡ። ከፋርስ የመጡ መስሏቸው «ፐርሺያን» አሏቸው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ከእንግሊዙ የዶርሴት በግ ጋር ተዳቅለው ዶርፐር የተባለው ዘር ወጣ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ዶርፐር «የተሻሻለ የውጭ ዘር» ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ግማሽ ደሙ ወደ አገሩ መመለሱን ያስተዋለው ሰው ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመለስ። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ ስለ በግ እርባታ በሰጠው ምክር፣ ግልገል እንደ ተወለደ ተነሥቶ ወደ እናቱ ግት መጠጋት እንዳለበት፣ አፉም ተከፍቶ በወተት መራስ እንዳለበት ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ዛሬም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት እረኞች «ኮሎስትራ» የሚሉትን ጥቂት ወተት አልቦ ማውጣት ይገባል፤ ያ ካልወጣ ግልገሉን ይጎዳዋል ሲል ያክልበታል። የዘመኑ ሰው ፕሊኒም ውርንጭላ አህያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የእናቱን ወተት ቢጠባ እስከ ሞት የሚያደርስ ሕመም እንደሚያገኘው ጽፏል፤ ለሕመሙም ከእንገር የወጣ ስም ሰጥቶታል። የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኑስ ደግሞ ነገሩን ወደ ሰው አሻግሮ፣ የእናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት ወፍራምና አይብ የበዛበት ስለሆነ ለሕፃን አይስማማም አለ።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ኮሉሜላ ራሱ ገበሬ ነበር። ታዲያ ምን አሳሳታቸው? በእኔ አስተያየት ቀለሙ ነው። ጤናማ ወተት ነጭ ነው ብሎ የተነሣ ዓይን ቢጫና የሚያጣብቅ ነገር ሲያይ መግል ወይም በግት ውስጥ ከርሞ የተበላሸ ወተት ይመስለዋል። የተበላሸ የመሰለው ነገር ደግሞ ይደፋል። በዚያ ላይ ጥቂት እንገር ታልቦ ቢደፋ እናቲቱ ሌላ ስለሚኖራት ግልገሉ ወዲያው አይሞትም፤ ስለዚህ ስሕተቱ ራሱን አይገልጥም። ቢሞት የሚሞተው ከቀናት በኋላ በተቅማጥ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ብርዱ፣ ቆሻሻው ወይም ዓይን ነው ይባላል።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ቢኖር ዙሪያውን ይጠይቅ። በአማርኛ እንገር የሚለው ቃል ለእንስሳም ለእናትም ያገለግላል። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የአራስ ሴት እንገር «ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ይነፋል» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ፣ ሕፃኑም በዚያ ፈንታ ቅቤ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ሲልስ ኖሯል። ልማዱ በጤና ሠራተኞች ጥረት እየቀነሰ ቢሄድም ፈጽሞ አልጠፋም። አያቶቻችን ሶራኑስን አላነበቡም፤ ያዩት ግን እርሱ ያየውን ቀለም ነው።

በአውሮፓ ፍርዱን መጠራጠር የተጀመረው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካዶጋን በ1748 ስለ ሕፃናት አያያዝ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕፃን ያለ ምንም ሌላ ነገር በቶሎ ወደ እናቱ ጡት ይቅረብ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ በማስተዋል ላይ የቆመ እንጂ በምርመራ የተደገፈ አልነበረም። ምርመራው የመጣው ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዶኔ በ1837 ስለ ወተት ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእንገር ውስጥ በተራ ወተት የማይታዩ ትልልቅና ፍርፍር የመሰሉ አካላትን ገለጸ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1843፣ ወተት ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ እያየ የቅባቱን መጠን የሚገምት መሣሪያ ሠራ። የወተት መልክ በዓይን ከመፈረድ አልፎ በመሣሪያ መለካት ከጀመረበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

ስለ ማእድኑ የመጀመሪያውን ትልቅ ጥያቄ ያነሣው በዶርፓት፣ በኋላም በባዝል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጉስታፍ ፎን ቡንገ ነው። ወተትን አቃጥሎ አመዱን መረመረ፤ የአራስ ቡችላን አካል አመድም መረመረ፤ ሁለቱን አመሳከረ። የውሻ ወተት አመድና የቡችላው አመድ በካልሲየም፣ በፎስፎረስ፣ በፖታስየምና በሌሎቹም እጅግ ተቀራረቡ። ከሥርዓቱ የወጣው ብረት ብቻ ነበር፤ በወተት ውስጥ ያለው ብረት ለግልገል የሚበቃ አይደለም። ቡንገ የሰጠው መልስ፣ ግልገል ብረቱን በማሕፀን ሳለ በጉበቱ አከማችቶ ይወለዳል የሚል ነበር። ቡንገ ሌላም ሰንጠረዥ ትቶልናል። የሰው ሕፃን ሲወለድ የነበረውን ክብደት እጥፍ ለማድረግ 180 ቀን ያህል ሲፈጅበት፣ ጥጃ 47 ቀን፣ የበግ ግልገል ግን 15 ቀን ይበቃዋል። አጥንቱን በ15 ቀን ውስጥ ለሚያበዛ ፍጥረት የእናቱ ወተት በማእድን የበለጸገ መሆን አለበት። እንዲያም ነው፤ በአንድ ሊትር የላም ወተት 1.2 ግራም ያህል ካልሲየም ሲኖር፣ በበግ ወተት ወደ 2 ግራም ይጠጋል።

ነገር ግን እንገርን ከፍርዱ ነጻ ያወጣው ማእድኑ አይደለም። በጀርመን አገር ፓውል ኤርሊኽ በ1892 በአይጦች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። በእኛ አገር ያ ዘመን የክፉ ቀን ማብቂያ ነበር፤ ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ገበሬው በዶማ የሚቆፍርበት ዘመን። ኤርሊኽ ከእፅዋት የሚገኝ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ የለመዱ እናት አይጦችንና ያለመዱትን ወሰደ፤ ልጆቻቸውንም አለዋወጠ። ከለመደችው እናት የጠቡት፣ የሌላ ልጆች ሆነው ሳለ፣ መርዙን ቻሉት። መከላከያው በወተት ይተላለፋል ማለት ነው። በ1912 ፋሙሌነር የተባለው ተመራማሪ ይህንኑ በፍየሎች ላይ ሲፈትሽ፣ ወደ ግልገሉ ደም የሚገባው መከላከያ ባብዛኛው በእንገር በኩል የሚመጣ ሆኖ አገኘው። በ1922 ደግሞ አሜሪካውያኑ ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል ለአንዳንድ ጥጆች እንገር ሰጡ፣ ለሌሎቹ ከለከሉ። የተከለከሉት አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ሞቱ፤ ገዳዩም በማንኛውም በረት የሚገኝ ተራ የአንጀት ባክቴሪያ ነበር።

ስለ በግ በተለይ ሲነሣ የዳሊንግና የባልደረቦቹ ሥራ ሊዘለል አይገባም። በብሪታንያ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ወሰን አካባቢ ግልገሎች በተወለዱ በቀናት ውስጥ ደም ባለው ተቅማጥ ያልቁ ነበር። ዳሊንግ የበሽታውን ባክቴሪያ ለየ። ቀጥሎም እርጉዞቹን በጎች ከመውለዳቸው በፊት በመከተብ ልጆቻቸውን ማዳን እንደሚቻል ታየ፤ ሜሰን፣ ዳሊንግና ጎርደን በ1930 ባሳተሙት ጽሑፍ መከላከያው ወደ ግልገሉ የሚሻገረው በእንገር መሆኑን አሳዩ። ኮሉሜላ «ይጎዳዋል» ያለው ያው ፈሳሽ፣ ያው የበግ እንገር፣ የክትባት ማስተላለፊያ ሆኖ ተገኘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማካርቲና ማክዱጋል የግልገሉ አንጀት እነዚህን የመከላከያ ፕሮቲኖች ሳይፈጭ እንዳሉ ወደ ደም የሚያስገባው ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን በበግ ግልገል ላይ መረመሩ። በሩ ከተወለደ ጀምሮ በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በበግ የእንግዴ ልጅ በኩል አንቲቦዲ ስለማያልፍ፣ ግልገል ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ባዶ እጁን ነው። ከዚህ አንጻር የሰው ሕፃን ዕድለኛ ነው፤ እርሱ ከመወለዱ በፊት በእናቱ ደም በኩል የሚደርሰው ስንቅ አለው።

መምህራን በክፍል ውስጥ «ታዲያ ቀለሙ ለምን ይለወጣል? ማእድኑስ ለምን ይቀንሳል?» ተብለው ቢጠየቁ፣ የሁለቱም መልስ ከአንድ ሥር የሚበቅል መሆኑን ማሳየት ይችላሉ። በጊቱ ልትወልድ በተቃረበችባቸው ቀናት በግቷ ውስጥ ፕሮቲንና ቅባት ይከማቻሉ፤ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ግን ገና ጥቂት ነው። ላክቶስ ውሃን ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ነው። እርሱ ሲያንስ ውሃው ያንሳል፣ ፈሳሹም ይወፍራል። በተጨማሪም በግቱ ሕዋሳት መካከል ያሉት መጋጠሚያዎች ገና ያልጠበቁ ስለሆኑ ከደም የሚመጣው ሶዲየም ሾልኮ ይገባል፤ የእንገር ጣዕም ጨው ጨው የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከወሊድ በኋላ መጋጠሚያዎቹ ይጠብቃሉ፤ ሶዲየሙ ይወርዳል፤ ላክቶሱ ይጨምራል፤ ውሃው ይከተለዋል። በመጀመሪያው እንገር ከአሥር እጅ አንድ እጅ ተኩል ወይም ከዚያም በላይ የነበረው ፕሮቲን፣ በቀናት ውስጥ ከመቶ ስድስት እጅ ወደማይበልጠው ወደ ተራው የበግ ወተት መጠን ይወርዳል።

ማእድኖቹ ሁሉ በአንድ እርምጃ አይሄዱም። በደንብ ተለክቶ የታወቀው የላም እንገር ስለሆነ እርሱን በምሳሌነት ብንወስድ፣ በመጀመሪያው አለባ በኪሎ 2.6 ግራም የነበረው ካልሲየም በተራ ወተት 1.3 ይሆናል፤ ግማሹ ወረደ ማለት ነው። ማግኒዝየም ግን ከ0.4 ግራም ወደ 0.1፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። ዚንክም ከ12 ሚሊግራም ወደ 3፣ ብረትም ከ2 ሚሊግራም ወደ ግማሽ ሚሊግራም ይቀንሳሉ። ፖታስየም ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በበግም መንገዱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የበግ ካልሲየምና ፎስፎረስ ቀድሞውኑ ከፍ ያሉ መሆናቸው ነው። ማግኒዝየሙ በመጀመሪያው ቀን መብዛቱ ያለ ሥራ አይደለም። በማሕፀን ሳለ በአንጀቱ የተጠራቀመው ጥቁርና ሙጫ መሰል ዓይነ ምድር እንዲወጣ ሆድን በማላላት ይረዳል ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ይሰጣል። ጥንታውያኑ ግልገሉ እንገር ጠብቶ ሲያስቀምጠው አይተው «ሆዱን አበላሸው» ብለው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ካልሲየምና ፎስፎረስ እናቲቱ በበላችው ላይ እምብዛም አይመረኮዙም። መኖዋ ቢያንስ ከአጥንቷ አውጥታ ትሰጣለች እንጂ የወተቷን ካልሲየም አትቀንስም። አዮዲንና ሴሌኒየም ግን ከመኖው ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ በካርቲየ 5 ካርቶን ስትቆረጥም የከረመች በግ እንገሯ በካልሲየም ደኸየ ብሎ መደምደም አይቻልም። የሚደኸየው አጥንቷ ነው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። የወተት ንጣት ቀለም ሳይሆን የብርሃን ሥራ ነው። ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ካልሲየምንና ፎስፎረስን አቅፎ በጣም ደቃቅ በሆኑ እንክብሎች መልክ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የወተት ካልሲየም ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘውም በዚያ ነው። እንክብሎቹና የቅባቱ ጠብታዎች የወደቀባቸውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ዓይናችን ነጭ ያያል። ማእድንና ቀለም የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። የቢጫው ምንጭ ሌላ ነው። የላም እንገር እንደ እንቁላል አስኳል የሚቀላው ከሣር በሚገኘው ካሮቲን ነው፤ ፓልመርና ኤክልስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1914 ገደማ የወተት ቅባትን ቢጫ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይኸው መሆኑን አስረድተዋል። በግና ፍየል ግን ካሮቲኑን ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጠው ስለሚጨርሱት በወተታቸው ከሞላ ጎደል አይገኝም። የበግ ቅቤ የሚነጣውም ስለዚህ ነው። ታዲያ የበግ እንገር ቢጫነት ከላሙ የደበዘዘ ሲሆን፣ አንዱ አስተዋጽኦ የሚመጣው አጓትን አረንጓዴ ቢጫ ከሚያደርገው ቀለም ነው። ይህን ቀለም እንግሊዛዊው ብላይዝ በ1879 ከአጓት አውጥቶ ላክቶክሮም አለው። ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1933፣ የሪሃርድ ኩን ቡድን ቫይታሚን ቢ2፣ ማለትም ሪቦፍላቪን መሆኑን አረጋገጠ። የበግ ወተት በሪቦፍላቪን ከላም ወተት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለሺህ ዓመታት የብልሽት ምልክት የተባለው ቀለም፣ በከፊል እንኳ ቢሆን፣ ቫይታሚን ሆኖ ተገኘ!

ሆኖም ከአንዱ ስሕተት ወጥተን በሌላው እንዳንወድቅ፣ ቢጫነት የእንገር ጥራት መለኪያ አይደለም። ፈዘዝ ያለ የበግ እንገር በአንቲቦዲ የበለጸገ ሊሆን ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ ሰዓቱና ውፍረቱ ይበልጥ ይናገራሉ። ሮዝ የመሰለ እንገር ከታየም ባብዛኛው ግቱ በወሊድ ሰሞን ሲወጠር ከተሰነጠቁ ደቃቅ የደም ሥሮች የመጣ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ግልገሉን አይጎዳውም። ግቱ የሚያተኩስ፣ የሚያማት፣ ፈሳሹም ውሃ መስሎ ፍርፍር ያለበት ከሆነ ግን የግት በሽታ ነውና ለግልገሉ ከሌላ በግ መፈለግ ይገባል።

በደጋው የአማራ ገበሬ ዘንድ የበግ እንገር ወሬው እምብዛም አይሰማም፤ ምክንያቱም በግ አይታለብም። የመንዝ በግ የሚረባው ለሥጋው፣ ለገንዘቡና ባና ለሚሠራበት ጠጉሩ ነው። ስለ እንገር ሲነሣ የሚታሰበው የላሟ ነው። አፋሩና ሶማሌው ግን በግንም ፍየልንም ስለሚያልቡ በየወሊዱ ያዩታል። ይሁንና ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው በመንዝም ነው። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከል፣ ኢልካ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በነበረው ጣቢያ የመንዝንና የሆሮን በጎች አርብቶ ስለ ግልገሎች ዕድገትና ሞት ለዓመታት መዝግቧል። ለእንዲህ ያለ ግልገል እንገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ማገዶም ነው፤ ቅባቱን አቃጥሎ ይሞቃል። በካርቲየ 5 ውርጭ የለም። ጠላቱ ቆሻሻው፣ ጥማቱና የእናቲቱ ረኀብ ነው። በመጨረሻው የእርግዝና ወር ያልጠገበች በግ እንገሯ ከመጠን በላይ ወፍሮ ከጡቷ ጫፍ የሚጎተት፣ መጠኑም ጥቂት ይሆናል። ግልገሉን የሚገድለው የእንገሩ ቅጥነት ሳይሆን ማነሱ ነው።

ስንት ይበቃዋል? ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊሊትር ያህል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ በቀኑ ውስጥ ደግሞ ባጠቃላይ 200 ሚሊሊትር ያህል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል መጀመሪያ አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ፣ ሌሊቱና ቀኑ እስኪያልፍ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ማለት ነው። ያን የምታህል ነገር ናት የምትደፋው!

የሳይንስ መምህራን ይህን ሁሉ ያለ ውድ ዕቃ በክፍል ውስጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። ላም ወይም በግ ከወለደበት ቤት፣ ልጁ ከጠገበ በኋላ፣ የመጀመሪያውን፣ የሁለተኛውንና የአራተኛውን ቀን ወተት ጥቂት ጥቂት በየጠርሙሱ ማምጣትና ጎን ለጎን አቁሞ በነጭ ወረቀት ፊት ማየት ነው፤ ቀለሙ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ቀጥሎ እያንዳንዱን በፈላ ውሃ ውስጥ ማሞቅ። የመጀመሪያው ቀን እንደ እንቁላል ይረጋል፤ የሁለተኛው በከፊል ይቋጠራል፤ የአራተኛው ፈሳሽ እንደ ሆነ ይቀራል። የሚረጋው ግሎቡሊኑና ሌላው የአጓት ፕሮቲን ነው። የገጠር ልጆች በብዙ ቦታ የረጋ እንገር ሲበሉ ማደጋቸው ይታወቃል፤ የኬሚስትሪውን ትምህርት በምጣድ ቀድመው ተምረውታል። ጥሬውን ግን ማንም እንዳይቀምስ መምህሩ ይጠንቀቅ፤ የውርጃ በሽታና ሌላም በጥሬ ወተት ይተላለፋል።

ይኸው ሙከራ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል። እናቱ የሞተችበት ወይም መንታ ሆኖ ያልደረሰው ግልገል ሲኖር ከሌላ አራስ በግ የተረፈ እንገር ይሰጠዋል። ሰው እንዲሞቅለት ብሎ እሳት ላይ ከጣደው ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ አንቲቦዲው ይበላሻል። ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ ይበቃል። በጅቡቲ በሐምሌ ወር የጥላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ታልቦ የተቀመጠ እንገር እስከ ማታ አይቆይም፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ግን በትንሽ ጠርሙስ በረዶ ሆኖ ለወራት ይቆያል፣ ሲፈለግም በዚያው ለብ ባለ ውሃ ይሟሟል።